የደረሰብሽን ለሌላ ሰው ስጪው

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ ሊራው ሲወድቅም እዚያው ነበርኩ። ከመጣሁ ወዲህ ታሪኬን በልቦለድ ልጽፈው ብዬ አራት ባለ 50 ሉክ ደብተር ሞልቻለሁ። የአክስቴ ልጅ አንብባ አለቀሰች። አማርኛ የሚያስተምር ጎረቤታችን ግን ‹ይኼ ማስታወሻ እንጂ ልቦለድ አይደለም፤ ልጅቷ አንድም ጥፋት የለባት፣ አሠሪዋ ሰይጣን ነች፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ትሰብኪያለሽ› አለኝ። ማዳም እውነትም ክፉ ነበረች። ማታ ማታ የፍሪጁን እንቁላል ቆጥራ ነው የምትተኛው። እናቴ ያረፈች ሌሊት ብቻ ተነሥታ በእጇ ቡና አፍልታ ሰጠችኝና ወጥ ቤት አብራኝ ተቀመጠች፤ በማግስቱ መቁጠሯን ቀጠለች። ይኼን አልጻፍኩትም፣ ታሪኩን ያበላሽብኛል ብዬ። ወንድሜ ደግሞ የላክሁትን ብር ሁሉ በልቶ ነው የጠበቀኝ፤ እሱን ብጽፈው ቤተሰብ ይፈርሳል። ከመሄዴ በፊት እግዚአብሔር ለሁሉም እንደ ሥራው ይከፍላል ብዬ አምን ነበር። አሁን እንደዚያ ማለት ያቅተኛል፤ ጸሎቴን ግን አልተውኩም። ይኼን ልጻፈው ወይስ ልደብቀው? ደራሲዎች የኖሩትን ነው ወይ የሚጽፉት? ታናሽ እህታችሁ ነኝና አንቺ በሉኝ። ስሜ ይቆይ።»

እህታችን፣ ጎረቤትሽ ልክ ብሏል። ጉድለቱን አሳይቶሽ መውጫውን ግን አላሳየሽም፤ እኛ ከዚያ እንቀጥል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሣ። ደራሲዎች የኖሩትን ነው ወይ የሚጽፉት? አዎ፣ የኖሩትን ነው። እንደኖሩት ግን አይጽፉትም። በኖሩትና በጻፉት መካከል አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ ያንቺ አራት ደብተር የቀረው እሱ ነው። ሥራው የደረሰብሽን ነገር ወስዶ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ይኼ እንዴት እንደሚሠራ አጥርቶ የሚያሳየን ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ነው። የደረሰበት በደብዳቤና በመዝገብ ስለቀረ፣ የሆነውንና የጻፈውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል።

ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1849 በፖለቲካ ተከሶ ሞት ተፈረደበት። ዲሴምበር 22 ቀን ከጓደኞቹ ጋር ፒተርስበርግ ውስጥ ሴሚዮኖቭስኪ አደባባይ አወጧቸው። ነጭ የመገነዣ ልብስ አለበሷቸው፣ ፍርዱ ተነበበ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከምሰሶ ጋር ታሰሩ። ጠመንጃው ከተደገነ በኋላ ነው ንጉሡ ሞቱን ወደ ግዞት ለውጠውታል የሚለው ትእዛዝ የተነበበው። በዚያው ቀን ለወንድሙ ለሚኻይል በጻፈው ደብዳቤ፣ በተራው ስድስተኛ እንደነበረ፣ ሦስት ሦስት ሰው ስለሚጠራ ሁለተኛው ዙር ላይ እንደነበረና ለመኖር ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳልቀረው ይነግረዋል።

ይኼ ሁሉ ልቦለድ ውስጥ የገባው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ልዑል ሚሽኪን የሚባለው ገጸ ባሕርይ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው እንዲህ ሆኖ ነበር ብሎ ያወራል። የሚያወራለት ሰው በተራው ስምንተኛ ነው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው፣ የቀረው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ሰውየው አምስቱን ደቂቃ ያከፋፍለዋል፤ ሁለቱን ጓደኞቹን ለመሰናበት፣ ሁለቱን ስለ ራሱ ለማሰብ፣ የተረፈውን ለመጨረሻ ጊዜ ዙሪያውን ለማየት። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወርቅ የተቀባው ጉልላት ፀሐይ መትቶት ያበራል፤ ሰውየው ዓይኑን ከእሱ መንቀል ያቅተዋል።

እዚህ ላይ እንቆይ፤ ለአንቺ የሚያስፈልገው ነገር ብዙው እዚህ ነው። ስድስተኛው ስምንተኛ ሆነ። አንድ የማይሞላው ደቂቃ አምስት ሆነ። «እኔ» የነበረው «አንድ ሰው» ሆነ። ለምን? አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ የቆመ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፣ ይፈራል ብቻ። አምስት ደቂቃ የተሰጠው ሰው ግን ደቂቃን እንደ ብር ይቆጥራል፣ ይመድባል፣ ይሳሳል። ደራሲው መድረኩ ላይ የቀመሰው ነገር ጊዜ እንዴት እንደሚሰፋ ነበርና፣ እሱን ለማሳየት ሰዓቱን መለወጥ ነበረበት። ሦስተኛው ለውጥ ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይበልጣል። «እኔ» ብሎ ቢያወራው አንባቢ ለደራሲው ያዝናል። ለሌላ ሰው ስለሰጠው ግን አንባቢ ደራሲውን ረስቶ ጉልላቱን ያያል።

ከዚያ በኋላ ኦምስክ በሚባል የሳይቤሪያ እስር ቤት አራት ዓመት ከእግር ብረት ጋር ኖረ። ስለ እስር ቤቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚተርከው ሰው የፖለቲካ እስረኛ አይደለም። ጎርያንቺኮቭ ይባላል፣ ሚስቱን የገደለ ነው፣ የተፈረደበትም አሥር ዓመት ነው። የሳንሱር ፍራቻ አንዱ ምክንያት ነበር። ከዚያ በተጨማሪ ግን ደራሲው «ያለ ጥፋቴ ታሰርኩ» ከሚል ተራኪ ተገላገለ፤ ሌሎቹን እስረኞች ከላይ ሆኖ የማያይ፣ እንደ እነሱ ጥፋተኛ የሆነ ዓይን አገኘ። ያንቺ ልጅ አንድም ጥፋት የለባትም የተባለው እዚህ ጋ ይገጥማል፤ እንመለስበታለን።

እስር ቤቱ ውስጥ መጻፍ ክልክል ነበር። ሆስፒታል ሲተኛ ግን ሐኪሞቹ አይተው እንዳላዩ እያለፉት ትንሽ የተሰፋ ደብተር ያዘ። ደብተሩ ውስጥ የሞላው የእሱ ብሶት አይደለም፤ የእስረኞቹ አነጋገር ነው፦ ተረት፣ ስድብ፣ ቀልድ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮች። ኋላ በብዙ ሥራዎቹ ውስጥ የተጠቀመው ይኼን ነው። ስለዚህ ትዝ የሚልሽን ሁሉ ከመጻፍሽ በፊት የሰማሽውን ጻፊ። ማዳም ስትቆጣ የምትለውን፣ የቢሮው ሰው ኤርፖርት ሲቀበላችሁ ያላትን የመጀመሪያ ቃል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልጆቹ ሲገናኙ የሚባባሉትን፣ እነዚያን ግማሽ ዓረብኛ ግማሽ አማርኛ የሆኑ አባባሎች። መቶ ሃምሳ ያህል ብታገኚ ደኅና ነው። ሐዘን ከሰው ሰው ይመሳሰላል፤ አነጋገር ግን አይመሳሰልም፣ ቶሎም ይረሳል።

የልጁ ነገር ከሁሉ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1878 ትንሹ ልጁ አልዮሻ በሚጥል በሽታ ሞተ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። በሽታው የአባቱ በሽታ ነው፤ ልጁ ከእሱ ወርሶ ሞተ ማለት ነው። አባትየው ኦፕቲና ወደሚባል ገዳም ሄዶ ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር ተነጋገረ፣ ተመልሶም የካራማዞቭ ወንድማማቾችን ታሪክ ጻፈ። እዚያ ውስጥ ልጁ የሞተበት ጸሐፊ የለም። ከገበሬ ወገን የሆነች አንዲት ሴት ከሩቅ መጥታ አረጋዊው መነኩሴ ፊት ትንበረከካለች። ልጇ አሌክሴይ ይባል ነበር፣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ሦስት ወር ቀርቶት ሞተ። ከጉያዋ የልጁን ትንሽ መታጠቂያ አውጥታ ታሳያለች፣ ያኔውኑ በለቅሶ ትናወጣለች። ጾታው፣ መደቡ፣ አገሩ፣ ትምህርቱ ሁሉ ተለወጠ፤ ዕድሜው በወር ሳይዛነፍ ቀረ። መታጠቂያው ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። አንባቢ ሊሸከም የሚችለው ሐዘን የሚያህለው እንደዚያ ያለች ትንሽ ዕቃ ነው።

የራሱን የሚጥል በሽታም ሁለት ሰው ላይ አድርጎታል። አንዱ ቅዱስ የሚመስለው ሚሽኪን ነው፤ ሌላው የካራማዞቮችን አባት የገደለው ስመርድያኮቭ ነው። አንድ ደራሲ ገላው ውስጥ ያለውን ሕመም ለመልካሙም ለነፍሰ ገዳዩም ከሰጠ፣ ሕመሙ «ጥሩ ሰው ያደርጋል» ወይም «ያከፋል» የሚል ድምዳሜ የለውም ማለት ነው። አንቺም መከራ ሰውን ያጠራዋል ብለሽ ከጀመርሽ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ። አብረውሽ ከነበሩት ልጆች መካከል መከራው ያጠነከራቸውም ያበላሻቸውም እንዳሉ ታውቂያለሽ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ተመልከቺ። የቄስ ልጅ ናቸው፣ ጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ ቤት አደጉ። ኋላ ከጣልያን ጋር ተዋጉ፣ ተማረኩ፣ ለሰባት ዓመት ያህል ጣልያን አገር በግዞት ኖሩ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ለልቦለድ የሚያጓጓው የትኛው ነው ቢባል ሁላችንም ጦርነቱንና እስሩን እንላለን። በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያወጡ ግን የሄዱት ወደዚያ አልነበረም፤ ወደ ልጅነታቸው አገርና ወደ ቅኔ ቤቱ ተመለሱ። ጦርነቱን ትዝታ በሚለው መጽሐፍ፣ በማስታወሻነቱ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው ያወጡት። ይኼ ለአንቺ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጩኸት የበዛበት ታሪክ ሁልጊዜ ለልቦለድ አይመችም፤ የሆነው ነገር ራሱ በቂ ስለሚሆን የሚፈለሰፍ ቦታ አይተውልሽም። አራቱን ደብተር አትቅደጂ፣ አታርሚም። ማስታወሻ ናቸው፣ እንደ ማስታወሻ ዋጋ አላቸው። ልቦለዱ ከእነሱ ይወለዳል እንጂ እነሱን በመጠጋገን አይመጣም።

እንግዲህ አምስተኛ ደብተር ግዢ። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ክፈዪው። በስተግራ «የሆነው»፣ መሐል «ያን ጊዜ ያሰብኩት»፣ በስተቀኝ «ዛሬ የማስበው» በዪው። ከስድስቱ ዓመት አርባ ነገሮች ምረጪ፤ ለአንዱ ከግማሽ ገጽ በላይ አትስጪ። በቀን አራት ብትሠሪ በአሥር ቀን ያልቃል። በግራው ዓምድ «አዘንኩ»፣ «ግፍ»፣ «ጨካኝ» የሚሉ ቃላት አይግቡ፤ ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ አፍንጫ ያሸተተው ብቻ። ለምሳሌ «ማዳም ጨካኝ ነበረች» ቀርቶ «ፍሪጁን ከፈተች፣ በጣቷ እየነካች ቆጠረች፣ በሩን ዘግታ እጇን በፎጣ ጠረገች» ይሁን።

ሲያልቅ መሐሉንና ቀኙን አስተያዪ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ያን ጊዜም ግፍ ነው ብለሽ ዛሬም ግፍ ነው ካልሽ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለልቦለድ ግን የደረቀ ነው፣ ከበስተኋላ ይቀመጥ። ሁለቱ የተለያዩበትን በቀይ እስክሪብቶ ክበቢ። ከአርባው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቢገኝ በቂ ነው፤ መጽሐፍሽ እነሱ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንቺ ራስሽ ሐሳብሽ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው ገጸ ባሕርይሽም ልትለወጥ የምትችለው። የቀኙ ዓምድ ባዶ የሚሆንባቸው ይኖራሉ። ገና አልበሰሉም ማለት ነው፤ ብታስገድጃቸው የሚወጣው እርግማን ብቻ ስለሆነ ተያቸው። ስንት ዓመት ይበቃል የሚል ቁርጥ የለውም፤ ለሐዲስ ከልጅነታቸው እስከ መጽሐፉ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቀይ ክብ ባለቤት ፈልጊለት። ሁሉንም ለዋናዋ ልጅ አትጫኚባት፤ ጎረቤትሽን ያስቸገረውም አንዱ ይኼ ነው፣ አንዲት ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉ ነገር የሚወርድባት። ከላይ ፎቅ ለምትሠራው ልጅ ስጪ፣ ለሕንፃው ዘበኛ ስጪ፣ ለማዳም እናት ስጪ። ስትሰጪ ቢያንስ ሁለት ነገር ለውጪ፦ ዕድሜውን፣ ወቅቱን፣ ምክንያቱን፣ ቁጥሩን። አንድ ነገር ግን እንዳለ ይቆይ፣ እንደዚያች መታጠቂያ። የለወጥሽው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

ከዚያ አንዱን ምዕራፍ፣ አምስት ገጽ ያህል፣ አንሥተሽ «እኔ» ያለውን ሁሉ «እሷ» አድርጊና ሌላ መንደር፣ ሌላ ስም ስጫት። ስትገለብጪው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እጅሽ ላይ ይሞታል፤ «እሷ ምን ያህል እንደተሠቃየች ማንም አያውቅም» የሚለው ዓይነት። እነዚያ አንባቢ እንዲያዝንልሽ ብቻ የተጻፉ ነበሩ። ሰርዢያቸው። ኋላ ወደ «እኔ» መመለስ ብትፈልጊ መመለስ ትችያለሽ፣ ያን ጊዜ «እኔ» የምትለው ሌላ ሰው ትሆናለች።

ለልጅቷ ጥፋት ስጫት ስንልሽ ግፉን ለማቅለል አይደለም፤ ይኼን በሙሉ ልባችን ነው የምንልሽ። ለአክስትሽ ልጅ የማትነግሪያትን፣ እዚያ ሳለሽ ያደረግሽውን ወይም ልታደርጊው የተመኘሽውን ሦስት ነገር ለብቻሽ ጻፊ። አንዱን ለእሷ ስጫት። ሌላዋን ልጅ ለማዳም ማሳበቅ ሊሆን ይችላል፤ ከቆጠራው በፊት አንድ እንቁላል መደበቅ ሊሆን ይችላል። ጥፋት የሌለባት ልጅ ላይ መዓት ይወርድባታል እንጂ አንዳች ነገር ራሷ አታደርግም፤ አንባቢም የሚከተለው የምታደርገውን ነው።

ለማዳም ደግሞ ሦስት ገጽ በራሷ አንደበት ጻፊ፣ «እኔ» እያለች። መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ላንቺ ነው። ለምን እንደምትቆጥር ትናገር። ከፋላ የሚባለው አሠራር ሠራተኛዋን በአሠሪዋ ስም ያስራታል፤ ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ ነው፤ ሠራተኛዋ ብትጠፋ የምትጠየቀው አሠሪዋ ነች። ፓስፖርት የሚቆለፈው፣ በር የሚዘጋው በክፋት ብቻ እንዳልሆነ ትደርሺበታለሽ፤ ሥርዓቱ ተራ ሴትዮን የእስር ቤት ኃላፊ ያደርጋታል። ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ይመነዘር የነበረበት አገር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ገንዘቡ ሲቀልጥ፣ እንቁላል የምትቆጥር እመቤት ምን እየቆጠረች እንደነበር አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤይሩት ኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉትን ልጆች ታስታውሻለሽ፤ የጣሏቸው ሰዎች በዚያው ጧት ልጆቻቸውን ያበሉ ሰዎች ናቸው። በሦስቱ ገጽ ውስጥ ማዳም ልክ የሆነችበትን አንድ ነጥብ እስክታገኚ አታቁሚ። ግፉ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሰይጣን ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሥራ ይሆናልና።

አሁን ወደ እምነትሽ እንምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ የምታምሪበትም ቦታ እሱ ነው። «ልጻፈው ወይስ ልደብቀው» ብለሻል። ለሁለት ክፈዪውና ለሁለት ሰው ስጪው።

ዶስቶየቭስኪ አማኝ ነበር፣ ያውም እስር ቤት ያጠነከረው አማኝ። ልጁ ከሞተ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ግን በእግዚአብሔር ሥራ ላይ የሚቀርበውን ከባዱን ክስ፣ ስለ ሕፃናት ሥቃይ፣ ከካራማዞቭ ወንድማማቾች አንዱ ለሆነው ለኢቫን ሰጠው። ኢቫን አይጮህም፤ የተሠቃዩ ልጆችን ታሪክ አንድ በአንድ ያቀርባል፣ እንዲህ ባለ ዋጋ የሚመጣ ስምምነት ከሆነ ትኬቴን እመልሳለሁ ይላል። ደራሲው የእሱን እምነት የያዘውን መልስ በሚቀጥለው ክፍል በአረጋዊው መነኩሴ ሕይወት በኩል ሰጠ፤ መልሱ ለዚያ ክስ ይበቃ እንደሆነ ግን በደብዳቤዎቹ ውስጥ ይሰጋ ነበር። ይህ ሥጋት ነው መጽሐፉን ሕያው ያደረገው። ተቃዋሚውን አሽመድምዶ ቢያቀርብ ኖሮ ሥጋትም አይኖርም፣ የሚያነበውም ሰው አይኖርም።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ለሁሉም እንደ ሥራው ይከፍላል» የሚለውን አንባቢ ለሚወዳት ሰው ስጪ። በስልክ የምትሰማው እናት ልትሆን ትችላለች። አሳምራ ትናገረው፣ እንዳትረቺያት። «እንደዚያ ማለት ያቅተኛል» የሚለውን ለልጅቷ ስጫት፤ በንግግር ግን አይሁን። እጇ ሊጥ እንደነካ አባታችን ሆይን ስትጀምር፣ «ፈቃድህ ይሁን» ላይ ስትደርስ ስትቆም፣ ዘልላ ስትቀጥል አሳዪን። መናገር ያቃተሽን ነገር የምታሳዪው እንዲህ ነው።

ለስብከቱ ቀላል ፍተሻ አለ። የእያንዳንዱን ምዕራፍ የመጨረሻ አንቀጽ በወረቀት ሸፍነሽ አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ ምዕራፉ ያለ እሱ ይሻለዋል። የተቆረጡትን ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ፣ ሦስቱን ብቻ መልሺ፤ የምትመልሻቸውም ሲናገሩ ዋጋ የሚያስከፍላቸው ሰዎች አፍ ውስጥ ይሁን። የፍቅር እስከ መቃብሩን ጉዱ ካሣን አስቢ። ሐዲስ ስለ ሥርዓቱ የሚያምኑትን ከባድ ነገር ያሸከሙት ለእሱ ነው፤ ግን የፊታውራሪ መሸሻ ቤተሰብ ዘመድ አደረጉት፣ ሰው ሁሉ እንደ እብድ እንዲያየው አደረጉ። የተናገረው ሁሉ ከወገኖቹ ያራርቀዋል። ያ ባይሆን ኖሮ ስብከት ነበር። በዛብህን ደግሞ ቅኔ ቤቱን ሰጡት፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ አደረጉት። የአንድ ደራሲ አስተዳደግና የአንድ ደራሲ ትችት ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ።

የወንድምሽ ነገር አሳሳቢ ነው፣ አናቃልልብሽም። ብዙ ጀማሪ ስም ይለውጥና የተገላገለ ይመስለዋል። የሰፈር ሰው ግን ሰውን በስሙ አያውቅም፤ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ በቅጽል ስሙ፣ በገንዘቡ በገዛው ነገር፣ በቤቱ አቅጣጫ ነው የሚያውቀው። እነዚያን አራቱን ለውጪ። ባጃጅ ገዝቶ ከነበረ ሌላ ነገር ይግዛ፤ ታናሽ ከሆነ ታላቅ ይሁን፤ ቢቻል ወንድም መሆኑም ቀርቶ አጎት ወይም እህት ትሁን። ለእሱም እንደ ማዳም ሦስት ገጽ ስጪው። ብሩ የት የት እንደገባ ዘርዝሪ፦ ዕቁብ፣ የእናትሽ መድኃኒት፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከዚያ ደግሞ ያልታወቀው። በየወሩ ከስደት ብር የሚጠብቅ ወጣት ምን እንደሚሰማው ጻፊ። ሦስቱ ገጽ ስድብ ብቻ ከሆነ ወንድምየውን ከዚህ መጽሐፍ አውጪው።

ሰዎች ራሳቸውን ሲያዩ የሚሆነው ነገር ቀላል አይደለም። በዓሉ ግርማ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን አወጣ። ስሞቹ የልቦለድ ስሞች ነበሩ፤ ባለሥልጣኖቹ ግን ራሳቸውን አወቁ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያንቺ ነገር ከዚያ ጋር አይመዛዘንም፤ ስም መለወጥ ብቻውን ማንንም እንደማይሸፍን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ረቂቁን ሳትጨርሺ ለወንድምሽ አታሳዪው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለእሱ መጻፍ ትጀምሪያለሽ። ከጨረስሽ በኋላ፣ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን፣ ከሌላ ሰው አይስማ፤ ራስሽ ንገሪው።

ርዝመቱን አትፍሪ። ከአሥራ ሁለቱ ቀይ ክቦች እያንዳንዱ አሥራ አምስት ገጽ ቢወጣው 180 ገጽ ነው፣ ለመጀመሪያ ልቦለድ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት መሆን የለበትም፤ ስድስቱን ዓመት ወደ አንድ ክረምት ብትሰበስቢው የሚከለክልሽ የለም።

የት ልጀምር ካልሽ፣ ያስቀረሽው ሌሊት አለ። «ታሪኩን ያበላሽብኛል» ብለሽ የጣልሽው፣ በእርግጥም የቀድሞውን ታሪክ ያበላሻል፤ ያቺ ሴት ቡና ካፈላች ሰይጣን መሆኗ ይቀራል፣ ባታፈላ ኖሮ ደግሞ እንቁላሉን መቁጠሯ ያን ያህል ባላመመሽ። ስለዚህ በእሱ ጀምሪ። ሦስት ገጽ ይሁን፤ ስልኩ ከጮኸበት እስከ ማግስቱ ማታ ፍሪጁ እስከሚከፈትበት። ልጅቷ «እሷ» ትባል። ማን ምን እንደተሰማው አትጻፊ። የጀበናዋን ዓይነት፣ ስኳሩን ማን እንደጨመረ፣ ማዳም በየትኛው ወንበር እንደተቀመጠች፣ ምን እንደለበሰች፣ መብራቱን ማን እንዳጠፋ ጻፊ። በማግስቱም እንቁላሎቹ ስንት እንደነበሩ።